አስማት ስንት ያስከፍላል?

«ድግምት» የሚለው ቃላችን ከ«ደገመ» ነው የመጣው። ደጋሚው ያንኑ ቃል ይመላልሰዋል፤ ኃይሉም በመመላለሱ ውስጥ ነው። በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ የቀድሞ እትሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት እንግዲህ ግራ ይገባዋል። እዚያ አስማተኛው ጠዋት ተነስቶ መጽሐፉን ያጠናል፣ ድግምቱን በቃሉ ይይዛል፣ አንዴ ሲናገረው ግን ከጭንቅላቱ ውልቅ ብሎ ይጠፋል። ይረሳዋል። አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ካልያዘው በቀር እስከ ነገ ጥናት ድረስ ያ ድግምት የለም። የማይደገም ድግምት!

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን አርፒጂ የምንለው የጠረጴዛ ጨዋታ አራት አምስት ሰው ሆኖ የሚጫወቱት ነው። አንዱ ዓለሙን ይተርካል፤ ዳኛም እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «በሩን እገፋለሁ»፣ «እኔ ግን እሸሻለሁ» ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። አሸናፊ የለም፤ ታሪኩ ነው የሚቀጥለው።

ስለነዚህ ጨዋታዎች ስናወራ ፋንታሲን እንደ አንድ መደርደሪያ እናየዋለን፤ ዘንዶና ጎራዴ እዚህ፣ የጠፈር መርከብ እዚያ፣ ካውቦይ ወዲያ። ታሪካቸውን ሲያገላብጡት ግን አስማት ሹልክ ብሎ ያልገባበት መደርደሪያ ማግኘት ይከብዳል። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ በየገባበት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። አንዱ ጨዋታ ትውስታን ይወስዳል፣ ሌላው አእምሮን፣ ሌላው ሥጋን። ዋጋው የተጻፈበትን ገጽ ካነበባችሁ ያ ጨዋታ ምን እንደሚፈራ ታውቃላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መርሳቱ ከየት መጣ? ግማሹ መልስ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ጃክ ቫንስ በ1950 ባሳተመው «ዘ ዳዪንግ ኧርዝ» ውስጥ ፀሐይ ልትጠፋ በተቃረበችበት ሩቅ ዘመን የሚኖሩ አስማተኞች አሉ። ድግምት በአእምሯቸው ይሸከማሉ፤ ሸክሙ ከባድ ስለሆነ ጥቂት ብቻ ይችላሉ፤ ሲናገሩት ይለቃቸዋል። ጋሪ ጋይጋክስ ይህን ወዶ ወሰደው። ሌላው ግማሽ የመጣው ግን ከጦር ሜዳ ነው። ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር በ1971 ያወጣው «ቼይንሜይል» በትንንሽ የወታደር ምስሎች የመካከለኛው ዘመን ጦርነት የሚጫወቱበት ደንብ ነበር። ከኋላው ለፋንታሲ የሚሆን ተጨማሪ ክፍል ተለጠፈበት። በዚያ ክፍል የአስማተኛው የእሳት ኳስ የትልቅ ድንጋይ መወርወሪያን ያህል፣ መብረቁ ደግሞ የመድፍን ያህል ቦታ ይመታል። አስማተኛው ካባ የለበሰ መድፍ ነበር ማለት ነው። ለመድፍ ደግሞ ጥይት ይቆጠርለታል።

ያ መድፍ እንዴት ሰው ሆነ የሚለው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ1969 በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ተጫዋች ብራውንስታይን የሚል የናፖሊዮን ዘመን ጨዋታ አዘጋጀና ለሰዎቹ ጦር ከማደል ይልቅ ሚና አደላቸው፤ አንዱ ከንቲባ፣ ሌላው ተማሪ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ይዞ ብላክሙር ወደሚባል የራሱ ምናባዊ አገር ወሰደው፤ ተጫዋቾቹንም ከግንቡ ሥር ወዳለው ጨለማ አስገባቸው። አርነሰንና ጋይጋክስ ተገናኙ፤ በ1974 መጀመሪያ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ካርቶን ሆነው በ10 ዶላር ለገበያ ቀረቡ። የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር።

እነዚያን ሦስት መጻሕፍት «የፋንታሲ ጨዋታ» ማለት ይከብደኛል። በጓዳ የተገኘው ሁሉ የተጨመረበት ወጥ ይመስላሉ። ከቶልኪን ሆቢት፣ ኤንትና ባልሮግ ተወስደዋል (ባለመብቶቹ ሲቆጡ ሆቢቱ «ሃፍሊንግ»፣ ኤንቱ «ትሪንት» ተብሎ ስሙን ለወጠ፤ ስለ ስም መለወጥ ኋላ እመለስበታለሁ)። ኋላ የተጨመሩት ብረት የሚያዝገው ፍጡርና ግማሽ ጉጉት ግማሽ ድብ የሆነው ጭራቅ ደግሞ ጋይጋክስ ከሱቅ ካገኛቸው፣ ሆንግ ኮንግ ከተሠሩ ርካሽ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ነው የመጡት። ሰው ዛሬ ስለነሱ ሥነ ፍጥረት ገጽ ሙሉ ይከራከራል። የሳንቲም መጫወቻ ነበሩ እኮ!

በሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ደግሞ በረሃ የሚያቋርጥ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል የሚናገር ሰንጠረዥ አለ። ኤድጋር ራይስ በሮውስ ለማርስ የፈጠራቸው ፍጡራን እዚያ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፈዋል። ማርስ! በ1974፣ የመጀመሪያው ጨዋታ የመጀመሪያ እትም ላይ። እንግዲህ «ሳይንስ ፊክሽን ወደ ፋንታሲ መች ገባ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያውኑ በሩ ላይ የሚዘጋ ነገር አልነበረም።

የዚህ መደባለቅ ጥሩው ምሳሌ ለኔ «ኤክስፔዲሽን ቱ ዘ ባሪየር ፒክስ» ነው። ጋይጋክስ በ1976 ለውድድር አዘጋጅቶት በ1980 ታተመ። ጎራዴና ጋሻ የያዙ ጀግኖች ጭራቅ ከሚፈልቅበት ተራራ ይላካሉ፤ ዋሻ ብለው የገቡበት ግን ተከስክሶ የተቀበረ የጠፈር መርከብ ነው። ተጫዋቹ ያውቃል፣ ገጸ ባሕርዩ አያውቅም። ደንቡ ይህን ክፍተት እንዴት እንደያዘው ተመልከቱ፦ አንድ ዕቃ ስታገኙ ስሙ አይነገራችሁም፤ ሥዕሉ ይታያችኋል። ከዚያ ዳኛው በቀስት የተያያዙ ሳጥኖች ያሉበት ሰንጠረዥ አውጥቶ በዳይስ ይመራችኋል። ወይ ትረዱታላችሁ፣ ወይ እዚያው ትሽከረከራላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ላይ ታፈነዱታላችሁ። ጀግናው የሌዘሩን አፍ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሊያይ ይችላል። በጄምስ ዋርድ «ሜታሞርፎሲስ አልፋ» በ1976 እና በ«ጋማ ወርልድ» በ1978 የተሠራው ሁሉ ያረፈው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ሥልጣኔ ወድሟል፣ የልጅ ልጆች የአያቶችን ዕቃ ያነሳሉ፤ ማሽኑ አስማት ሆኗል፤ የሚያስከፍለው ጣትን ነው።

እንዴት እንደሚሠራ የማናውቀውን ዕቃ እየነካካን ለምንኖር ሰዎች ይህ ሰንጠረዥ ፋንታሲ አይመስልም። ብቻ ይህን ልለፈው።

በ1977 ማርክ ሚለር ያወጣው «ትራቨለር» በጠፈር ጨዋታዎች መካከል ጭምቱ ነው። ስለ ብድር፣ ስለ ጭነትና ስለ ነዳጅ ያስባል፤ ገጸ ባሕርያችሁ ገና ሲፈጠር፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ በውትድርና አገልግሎቱ ሊሞት ይችላል። ያም ሆኖ በመጨረሻው መጽሐፍ ላይ «ሳይኦኒክስ» የሚል የአእምሮ ኃይል አለ፤ የሌላውን ሐሳብ ማንበብ፣ ዕቃን ሳይነኩ ማንቀሳቀስ። አስማት ነው፤ የላብራቶሪ ጋውን አልብሰውታል። ዋጋው ደግሞ ዕድሜ ነው። ሥልጠናውን ከማግኘታችሁ በፊት ያሳለፋችሁት እያንዳንዱ የአራት ዓመት አገልግሎት ከኃይላችሁ ይቀንሳል። በሥራ ልምድ የበለጸገው ሽማግሌ ባዶ እጁን ይወጣል። ደረቅ በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ያገኘሁት በጣም የሚያሳዝን ደንብ ይህ ነው።

አሁን ወደምወዳቸው ሁለት ጨዋታዎች ልምጣ። ኬኦሲየም የሚባለው አሳታሚ በ1978 «ሩንኩዌስት»ን አወጣ። ዓለሙ ግሎራንታ ይባላል፤ የግሬግ ስታፎርድ ፈጠራ ነው። እዚያ አስማት የጥቂት አዋቂዎች ሀብት አይደለም። ገበሬውም ነጋዴዋም ትንሽ ትንሽ አላቸው፤ ሁሉም የአንድ አምላክ ማኅበር አባል ነውና። ትልቁን ድግምት የሚፈልግ ግን «ፓወር» ከሚባለው የነፍስ ኃይሉ ላይ ቆርሶ ለአምላኩ ይሰጣል። የሰጠው ከእጁ ወጥቷል። ስለት ማለት ነው፤ የምናውቀው ነገር ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1981 ሳንዲ ፒተርሰን ያንኑ የደንብ አጽም ተጠቅሞ «ኮል ኦፍ ክቱሉ»ን ሠራ። መጀመሪያ ያሰበው ለሩንኩዌስት የሚሆን ተጨማሪ መጽሐፍ ነበር፤ የወጣው ግን በ1920ዎቹ የሚካሄድ የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ ነው። ጀግኖቹ ፕሮፌሰር፣ ጋዜጠኛ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። እዚህ ያ «ፓወር» በአምስት ይባዛና የአእምሮ ጤንነት ነጥብ ይሆናል። በግሎራንታ ለአምላክ የሚሰጠው ነገር እዚህ የሚቀበለው አምላክ አጥቶ ዝም ብሎ ይፈሳል። ጭራቅ ስታዩ ይቀንሳል። መጽሐፉን ስታነቡም ይቀንሳል። የከፋው ደግሞ ይሄ ነው፦ ስለነዚያ ፍጡራን የምታውቁት በመቶኛ ይያዛል፤ የአእምሮ ጤንነታችሁ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ ደግሞ 99 ሲቀነስ ያ እውቀት ነው። 30 ካወቃችሁ ከ69 በላይ ጤነኛ መሆን አትችሉም፤ ብታርፉም ብትታከሙም። ባወቃችሁ ቁጥር ጣሪያችሁ ዝቅ ይላል።

እኛ ሰፈር በመንገድ ላይ ብቻውን የሚያወራ ሰው ሲታይ «ትምህርት በዝቶበት ነው» ይባል ነበር። የፒተርሰንን ደንብ ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው። ያን አባባል ማንም በቁጥር የጻፈው አይመስለኝም ነበር።

ጨዋታው የተመሠረተባቸውን ታሪኮች የጻፈው ላቭክራፍት ጥቁሮችንና ስደተኞችን በግልጽ የሚጠላ ሰው ነበር፤ ከሚያስፈሩት ነገሮች ብዙዎቹ የኛን መልክ የያዙ ናቸው። ክሪስ ስፓይቪ በ2017 ባወጣው «ሃርለም አንባውንድ» ያንኑ ደንብ ወስዶ ጥቁር አሜሪካውያንን የ1920ዎቹ ሃርለም ጀግኖች አደረጋቸው። ደንቡን መጣል አላስፈለገውም። ማን ማንን እንደሚፈራ ነው የለወጠው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጨዋታ ብቻ መሆኑ የሚያበቃው። ፋንታሲ ምናባዊ አገር ላይ ሲያርፍ ሒሳቡን የሚከፍለው ምናባዊ ሰው ነው። እውነተኛ ታሪክ ላይ ሲያርፍስ?

የካውቦይ ጨዋታዎችን ተመልከቱ። በ1975 የወጣው «ቡት ሂል» ሽጉጥና ፈረስ ብቻ ነበር፤ አስማት የለውም። በ1996 ሼን ሄንስሊ «ዴድላንድስ»ን አመጣ፤ ካውቦይና ሙታን አንድ ላይ። የአስማት ደንቡን ውበት መካድ አልችልም። «ሐክስተር» የሚባለው ቁማርተኛ ድግምት ሲፈልግ ከክፉ መንፈስ ጋር በአእምሮው ፖከር ይጫወታል፤ ተጫዋቹም ጠረጴዛው ላይ እውነተኛ ካርታ ይስባል። ጥሩ ካርታ ከመጣ ድግምቱ ይሠራል፤ ጥቁሩ ጆከር ከመጣ መንፈሱ እጁን ይሰነዝራል። ዘውጉንና ዋጋውን እንዲህ አንድ ያደረገ ሌላ ደንብ አላየሁም።

ግን ያ ዓለም እንዴት ተጀመረ? በታሪኩ መሠረት ጁላይ 3 ቀን 1863 በጌቲስበርግ ጦር ሜዳ ሙታን ተነሱ፤ በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳይቋጭ ቀረ፤ የደቡቡ ኮንፌደሬሽንም አገር ሆኖ ቀጠለ። ባርነቱስ? ደቡቡ ራሱ ተወው ተባለ፤ ዘረኝነቱም ረገብ አለ ተባለ፤ ጨዋታው ቀጠለ። ለባርነት የተዋጋ መንግሥት በአንድ አንቀጽ ታጥቦ ለጀግና አገርነት በቃ። አስማቱ እዚህ የከፈለው ነገር የለም፤ የተከፈለው ከሌላ ሰው ኪስ ነው። ሄንስሊና ድርጅቱ በቅርብ ዓመታት ባወጡት እትም ይህን ቀይረው ደቡቡ እንደ እውነተኛው ታሪክ እንዲሸነፍ አደረጉ፤ ለምን እንደቀየሩትም በይፋ ተናገሩ። የተቆጡ ተጫዋቾች ነበሩ። ሙታን ከመቃብር ሲነሱ «ከታሪክ ጋር አይሄድም» ሳይሉ፣ ኮንፌደሬሽኑ ሲወጣ «ታሪክ ተበላሸ» ማለት ግን ትንሽ ያስቃል።

«ሻዶውራን» የበለጠ ያስቸግረኛል፤ ምክንያቱም እወደዋለሁ። በ1989 ወጣ። በጨዋታው በ2011 አስማት ወደ ዓለም ይመለሳል፤ በ2050 ደግሞ ዘንዶዎች የኩባንያ ባለቤት ሆነው፣ ኤልፎችና ኦርኮች በኒዮን መብራት ሥር ሲኖሩ እናገኛቸዋለን። ሁሉም ሰው «ኤሰንስ» የሚባል 6 ነጥብ ይዞ ይጀምራል። ሰው ሠራሽ ዓይን ሲያስገባ፣ ብረት ክንድ ሲያስገጥም ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ለአስማተኛ የአስማት ኃይሉም አብሮ ይሄዳል። ማሽን ወይም ነፍስ፤ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አይሆንም።

በዚሁ ዓለም የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች በታላቅ የመናፍስት ጭፈራ እሳተ ገሞራዎችን ያስነሳሉ፤ መንግሥት ተሸንፎ ለድርድር ይቀመጣል፤ የምዕራቡ መሬት ይመለሳል። የመናፍስት ጭፈራው ፈጠራ አይደለም። የፓዩት ተወላጁ ዎቮካ በ1889 ባየው ራእይ የተጀመረ እምነት ነበር፤ ጭፈራው ሙታንን እንደሚመልስ፣ ነጩንም ከምድሪቱ እንደሚያስወጣ ያመኑ ብዙዎች ነበሩ። ዲሴምበር 29 ቀን 1890 በዉንድድ ኒ የአሜሪካ ጦር ከ250 የማያንሱ ላኮታዎችን፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ ገደለ። በእውነተኛው ዓለም ጭፈራው ጥይቱን አላስቆመም። በጨዋታው አስቆመ። ይህን ሳነብ ግማሽ ልቤ ደስ ይለዋል፤ ለተሸነፈ ሕዝብ ድል መስጠት ትንሽ ነገር አይደለም። ግማሽ ልቤ ደግሞ ይጠይቃል፦ የሰዎቹ ጸሎት ከዘንዶና ከኦርክ ጋር በአንድ ምዕራፍ ሲታተም ምን ሆነ? ለነሱ ፋንታሲ አልነበረም። ይህን ሁለት ግማሽ እስከ ዛሬ አላስታረቅሁትም።

ስለ እኛስ? ብታምኑም ባታምኑም አለንበት። በ1977 የወጣውን «ሞንስተር ማኑዋል» ብትገልጡ ካቶብሌፓስ የሚባል፣ ጭንቅላቱ ከብዶት ወደ መሬት የሚያቀረቅር፣ ዓይኑን ያየ የሚሞትበት እንስሳ ታገኛላችሁ። ሊዩክሮታ የሚባል፣ የሰው ድምፅ እያስመሰለ የሚያታልል አውሬም አለ። ሁለቱም የተወሰዱት ከ1ኛው ክፍለ ዘመን ሮማዊ ከፕሊኒ ነው፤ ፕሊኒ ደግሞ ያስቀመጣቸው «ኢትዮጵያ» ውስጥ ነው። በእርግጥ ያኔ ይህ ስም ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ የጥቁር ሕዝብ ምድር ሁሉ ይጠራ ነበር። ዘንዶም እዚያ ይበቅላል ብሎ ጽፏል። የሰው ድምፅ የሚያስመስለው አውሬ ከጀርባው ማን እንዳለ ደግሞ ጅብ ሲጮኽ የሰማ ሰው ይገምታል። ጅብና ሰው እንደሚለዋወጡ፣ ቡዳ ሌሊት ጅብ እንደሚሆን የሚነገርበት አገር ልጅ ይህን ሲያነብ «ይሄማ የኛ ነው» ማለቱ አይቀርም። የኛ ሆኖ በሮማዊ እጅ ወጥቶ፣ ዊስኮንሲን ደርሶ፣ በዳይስ ሲመለስ ግን መለያ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ይህን ያህል ሕይወት፣ ይህን ያህል ጉዳት።

ቅድም ስለ ስም እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይህ ጨዋታ ሰይጣን ይጠራል ተብሎ ወላጆችና ሰባኪዎች ተነሱበት። አሳታሚው በ1989 ሁለተኛውን እትም ሲያወጣ «ዴሞን» እና «ዴቪል» የሚሉትን ቃላት አስቀረ፤ ፍጡራኑ ኋላ ሲመለሱ «ታናሪ» እና «ባቴዙ» ተብለው መጡ። ፍጡሩ ያው፣ ስሙ ሌላ። እነሱ ስም ልብስ ነው ብለው አስበው ነበር። በግዕዝ ግን «አስማት» ማለት «ስሞች» ማለት ነው፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር። የጋኔኑን ስም፣ የመልአኩን ስም፣ የአምላክን ስውር ስሞች ያወቀ ሰው እጁ ላይ ኃይል አለ። በቃሉ እምብርት ላይ የተቀመጠውን ነገር ነው እነሱ በማስመሪያ የሰረዙት። «አርስ ማጂካ» በ1987 በላቲን አምስት ግሶችና አሥር ስሞች አቀናጅቶ አስማትን ሰዋስው ሲያደርገው ወደዚህ ተጠግቶ ነበር።

አያቴ አንገቷ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበራት፤ ውስጡን አላየሁትም። ሙዚየም ውስጥ የሚታዩት ትልልቆቹ የብራና ጥቅልሎች ግን ስለ አሠራራቸው ብዙ ይናገራሉ። ብዙ ጊዜ ቁመታቸው የባለቤቱን ቁመት ያህል ተደርገው ነው የሚሠሩት፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቁ። ጸሎቱ በጥቁር፣ የከበሩት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ፤ በመካከል ዓይናቸው የሚያፈጥ ጠልሰሞች ይሣላሉ። ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዜልያን ያሸነፈው የሱስንዮስ ጸሎት አለ፤ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የሚይዘው መርበብተ ሰሎሞን አለ። የባለቤቱ የክርስትና ስም በየቦታው ይገባል። ጥቅልሉ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የድሮው ስም ይፋቅና አዲሱ ይጻፋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ የተፋቀው ቦታ ዛሬም ይታያል።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንደኛው ወዲያው ወረቀት ጎትቶ ደንብ መጻፍ ጀመረ። ጥቅልሉ የሚጠብቀው በቁመቱ ልክ ብቻ ነው አለ፤ ልጅ ሆናችሁ ከተሠራላችሁ ስታድጉ ከጉልበት በታች ባዶ ትቀራላችሁ። ሌላዋ «ይሄ የሰው እምነት እኮ ነው፤ እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች?» አለች። ለሁለት ሳምንት ተከራከርንበት። በመጨረሻ ጸሎቶቹንና የቅዱሳኑን ስሞች ከጨዋታው ውጭ አደረግን፤ ቁመቱን፣ ብራናውንና የሚፋቀውን ስም ብቻ አስቀረን።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስቱ ገጸ ባሕርያት ሌሊት ወንዝ ዳር ቆመው፣ በእጃቸው አንድ ጥቅልል ብቻ ነበራቸው። በላዩ ያለው የሟች ወንድማቸው ስም ነው። ስሙ ካልተፋቀ ለማንም አይሠራም። ከተፋቀ ወንድማቸውን ከእንግዲህ በስሙ መጥራት እንደማይችሉ ደንባችን ይናገራል። ዳይስ አልተጣለም። ቢላዋውን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ሰዓቱ አለቀብን።